ጠገብኩ የማይል ማጣሪያ፦ የእህታችን የ«እትዬ አትጠጡ» የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አትጠጡ» እያለ የሚጠራቸው እህታችን ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከአሮጌ ባትሪ ማቅለጫው በታች ባለው ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ያለው፣ የውሃ ጉድጓዱ ከደጁ ላይ የሆነ ቤት ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን የምጽፈው ደግሞ እኔ የመጨረሻዋ፣ ታናሽ እህታቸው ነኝ። አታሚው «ከፎቶው ጋር ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ» ብሎኛል። ይበልጣል፣ ይቻለው። የሕይወት ታሪክ ረጋ ተብሎ ነው የሚጻፈው ይባላል፤ እኔ ግን በጥድፊያ ነው የጻፍኩት፣ ከሐዘኑ ይልቅ በፍርሃት። የእህቴ አንድያ ልጅ እርጉዝ ናት፣ ወሯም ገብቷል። በደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት እንዳለና እንደሌለ ለማወቅ ደሟ ተቀድቶ ለምርመራ ሄዷል። ውጤቱ የሚመጣው ነገ ከሰዓት ነው። ለምን እንደምንፈራ የእህቴን ሕይወት ስትሰሙ ይገባችኋል።

እህታችን በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን ሲበዛ ለፍላፊ ስለነበር ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ሬዲዮ» ነበር። የኳስ ጨዋታ ከሰማ ጎሉን ከነጩኸቱ ይደግመዋል፤ ዜና ከሰማም ዜናውን ከነአንባቢው ሳል ያነበንባል። አባታችን እንጨት ሲልጉ አጠገባቸው ቆሞ ያወራል፣ እናታችን ሲሰፉ ከመኪናው ሥር ተቀምጦ ያወራል። ስድስት ዓመቱን እንዳለፈ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ፊቱም ነጣ። ከዚያ ቃላት ይጠፉት ጀመር፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የዕቃ ስም። በመጨረሻ «ውሃ» ማለት አቅቶት በጣቱ ጣሳውን ያሳይ ነበር።

እናታችን የፈራች እናት የምታደርገውን አደረጉ፤ ውሃውን አፈሉ። ለሌላው ሰው አንድ ጊዜ ፈልቶ ይወርዳል፤ ለታመመው ልጅ ግን «ተባይ ካለ ይሙት» ብለው ግማሹ እስኪቀር ያንተከትኩትና የቀረውን ለብቻው በተለየ ኩባያ ይሰጡት ነበር። ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ «በደሙ ውስጥ እርሳስ አለ» ሲላቸው፣ ልጁ የጽሕፈት እርሳስ እያኘከ መስሏቸው ቤት ያለውን ሁሉ ለቅመው ጣሉት፤ እህታችንም ያን ዓመት በእስክሪቢቶ ብቻ ተማሩ። ከአሮጌ ባትሪ የሚቀልጠው ብረት መሆኑን፣ ከማቅለጫው አፈር ታጥቦ ወደ ጉድጓዳችን የሚወርድ መሆኑን ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸው አልነበረም። ሬዲዮ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እኔ ያን ጊዜ የጡት ልጅ ነበርኩ።

እህታችን ሁለተኛ ደረጃን ከኮረብታው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ቀጠሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህሩ ጨው የሟሟበት ውሃ እሳት ላይ ጣደ። ውሃው ተንኖ አለቀ፣ ጨው ከሥር ነጭ ሆኖ ቀረ። «ውሃው ይሄዳል፣ የሟሟው ይቀራል፤ ብረትም ቢሆን ያው ነው» አለ መምህሩ። እህታችን ሳያስፈቅዱ ከክፍሉ ሮጠው ወጡ። ያ ግማሹ እስኪቀር የተንተከተከ ውሃ፣ ያ በተለየ ኩባያ የተሰጠ ውሃ፣ ከጉድጓዱ ውሃ እጥፍ መርዝ የያዘ እንደነበር የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ቤት ሲደርሱ እናታችን እንደልማዳቸው ድስቱን ጥደው አገኟቸው። እህቴ ምን አሉ? «እማዬ፣ ማገዶ ተወዷል፤ ማፍላቱን ብንተወውስ?» ብቻ ነው ያሉት። እናታችን «አንቺ ገብጋባ! ወንድምሽን አፈር አልብሰን ሳንጨርስ ማገዶ ትሰስቻለሽ?» ብለው አዋረዷቸው። እህታችን ስድቡን ዋጥ አድርገው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ በጀርባቸው በጀሪካን ውሃ እያመጡ ቤቱን አጠጡ። «ገብጋባ ብሆን ይሻላል፣ እማዬ አውቃ ከምትሞት» ይሉኝ ነበር። እናታችንም የመጀመሪያ ልጃቸውን ገብጋባ እንዳሉ አረፉ። ዛሬ ሁለቱም ስለሌሉ ነው የማወጣው።

ከዚያ በኋላ እህታችን ኮሌጅ ገብተው በኬሚስትሪ በዲፕሎማ ተመርቀው፣ በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቤተ ሙከራ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ሠሩ። ቤተ ሙከራው መስኮቱ የማይከፈት ጠባብ ክፍል ነው፤ በግድግዳው ላይ ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ እንደ ንብ የምታጉረመርም መመርመሪያ መኪና አለች። እንደተቀጠሩ የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት የሰፈራችንን ጉድጓዶች ውሃ በየተራ እየቀዱ ወስደው መመርመር ነበር። ማቅለጫው ከተዘጋ ቆይቷል፤ አፈሩ ግን የት ይሂድ? ንጹሕ ሆኖ የተገኘ አንድ ጉድጓድ አልነበረም። ይዘጉ ተብሎ ተዘግተውም ነበር፤ ነገር ግን ሰው ምን ይጠጣ? ቧንቧው እንደሆነ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። ሰው በሳምንቱ ክዳኑን ከፍቶ መቅዳቱን ቀጠለ።

እህታችን በየቤቱ ሊሠራ የሚችል፣ ውድ ዕቃ የማይጠይቅ ማጣሪያ ፍለጋ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። የሙዝ ልጣጭ አድርቀው ሞከሩ፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው ሞከሩ፣ የዛገ ምስማር ከአሸዋ ቀላቅለው ሞከሩ። ቤታችን ቤት መሆኑ ቀርቶ የቆሻሻ ገንዳ መሰለ። እኔ «እትዬ፣ እኔን ደግሞ መቼ ነው የሚያደርቁኝ?» እላቸው ነበር። በመጨረሻ ከሁሉም የበለጠ እርሳስ ይዞ የሚያስቀር የአጥንት ከሰል ሆኖ ተገኘ። አጥንቱ ክዳኑ በጭቃ በተመረገ በርሜል ውስጥ አየር ሳያገኝ ይከስላል፤ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ታጥቦ ከሥሩ በተበሳ ባልዲ ውስጥ በጠጠርና በአሸዋ መካከል ይደረጋል። ውሃው ከላይ ገብቶ ከታች ወዳለው ባልዲ ይንጠባጠባል። በደንብ ያልከሰለው ውሃውን ያገማዋል፤ ከልክ በላይ የነደደው ደግሞ ነጭ ሆኖ እርሳሱን መያዝ ያቅተዋል። ልኩ መሃል ላይ ነው፣ ልኩንም የሚያውቁት በጣታቸው አሽተው ነበር።

አጥንቱን የሚሰጧቸው የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ነበሩ። እህታችን ጆንያ ተሸክመው ከሥጋ ቤቱ ሲወጡ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ያጅባቸዋል፤ ሚኒስትር እንኳ እንደዚያ አይታጀብም። ሥጋ ሻጩ መጀመሪያ አጥንቱን ጥለው ይሰጧቸው ነበር፣ ቀጥለው መርጠው፣ ቀጥለው አጥበው፣ ቀጥለው ራሳቸው ተሸክመው ቤት ድረስ ያደርሱ ጀመር። በዚያው ዓመት ተጋቡ። ሰፈሩም «አጥንት ልትለምን ሄዳ ሥጋ ቤቱን ይዛ መጣች» ብሎ ሳቀ። አማቻችን በሬ የሚገነጥሉ ሰው ናቸው፣ መርፌ ሲያዩ ግን ግድግዳ ይዘው ይቀመጣሉ። ከሰል ለመሥራት ጭስ ሲበሉ፣ ሌሊት በርሜል ሲጠብቁ አንድ ቀን አላማረሩም። ዛሬ በሐዘን የተቀመጠችውን አንዲት ልጅም ወለዱ፤ እርሷም አስተማሪ ናት።

«እትዬ አትጠጡ» የሚለው ስም የወጣላቸው በአንድ ሰርግ ላይ ነው። ለእንግዳ የቀረበው ውሃ ካልተጣራ ጉድጓድ መቀዳቱን ሲሰሙ እህታችን ወንበር ላይ ወጥተው «አትጠጡ!» ብለው ጮሁ። በመጠጥ የሚታወቀው ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌር ለእርሱ የተነገረ መስሎት ጠርሙሱን አስቀመጠና ለሳምንት ያህል ጨዋ ሆኖ ሰነበተ። ሚስቱ መጥታ «እባክዎ እትዬ፣ በየሳምንቱ ይጩሁልኝ» ብላቸዋለች።

ስቃችሁ ከሆነ ጥሩ፤ አሁን የማያስቀውን ስሙ። የአሸዋ ማጣሪያ ሲደፈን ውሃው ይዘገያል፣ ሰው ያያል። የአጥንት ከሰል ግን ሲጠግብ ጠገብኩ አይልም። ውሃው ያው ኩልል ያለ፣ ያው የሚጣፍጥ ነው፤ እርሳሱ ግን እንደ ልቡ ያልፋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው። እህታችንን ዕድሜ ልካቸውን እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነው። «ድፍርሱንማ ማንም ይሸሸዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ጥርት ያለው ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ በየአራት ወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ውሃ ቀድተው ይመረምራሉ፣ ከሰሉንም ያስቀይራሉ። በር ያልከፈተላቸውን በመስኮት ይጣራሉ፣ መስኮት የዘጋባቸውን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደው ያሳፍሩታል። ያኮረፋቸው ብዙ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የተጣለው ከሰልም ሌላ ጣጣ ነበረው። አንድ ጊዜ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ቤት ሲገቡ መጋገሪያዎቹ እንደ መስተዋት ያበራሉ። «በምን ፈትገሽ ነው እንዲህ ያማረልሽ?» አሏት። «በእርስዎ በአሮጌው ከሰል ነዋ! መጣል አሳዝኖኝ አድርቄ አኖርኩት» አለች። ከውሃ የተያዘው እርሳስ ሁሉ በዳቦው ዞሮ ወደ ሰው አፍ ሊገባ ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ያደረገችው ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ከሰልና አመድ ድስት መፈተጊያ እንደሆነ አይደል ያደግነው? ከዚያ ወዲህ እህታችን ሕግ አወጡ፤ አሮጌውን ከሰል ይዞ ያልመጣ አዲስ አያገኝም። የመጣውን አሮጌ ከሲሚንቶ ጋር አቡክተው እንደ ብሎኬት ያደርቁና ከጓሮ ግንብ ሥር ይደረድሩታል። በዚህ ምክንያት ከሰል በተቀየረ ቁጥር ጆንያ የተሸከመ ሰው በግቢያችን በር መግባቱ የታወቀ ነው።

የዛሬ ስምንት ወር ገደማ የእህታችን ኩላሊት ታመመ፤ እግራቸው አብጦ ከአልጋ ዋሉ። ሐኪሙ «የልጅነቱ ውሃ ነው ማለት አልችልም፣ አይደለምም ማለት አልችልም» ነው ያለው። ልጃቸው ልታስታምማቸው ከባሏ ቤት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ብዙም ሳይቆይ መፀነሷ ታወቀ። እህታችን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ታዲያ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ከሰሉ ተቀየረ?» ጠያቂውም ሁሉ «ተቀይሯል እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ይዳኑልን» ይላል። አማቻችንም «ተቀይሯል፣ አንቺ አትጨነቂ» ይሏቸዋል። የታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይሰማም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ «ሰላም ነው» ነው የሚባለው። ሁሉም ለፍቅር ብሎ ዋሸ። ሁሉም ሌላው የሚቀይር መሰለው። ባለቤታቸውም እርሳቸውን ሲያገላብጡ፣ ሐኪም ቤት ሲያመላልሱ፣ አንድ በርሜል አጥንት አላከሰሉም ነበር። በገዛ ቤታቸው ያለው ባልዲም አልተቀየረም።

የእህታችን አልጋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ የግቢው በር ደግሞ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ከሰዓት፣ እኔም ባለሁበት፣ ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩአቸውና «ይህ በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ብርቱካን የያዘ ነው። ጆንያ የያዘ አንድ ሰው አልገባም። አሮጌው ከሰል የት ሄደ?» አሏቸው። አማቻችን አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆውን አፏ ጋ አድርሳ ነበር። እህቴ፣ ትራስ ላይ ቀና ማለት እንኳ የማይችሉት ሴት፣ ከየት እንዳመጡት በማላውቀው ጉልበት ዘለው ብርጭቆውን ከእጇ መትተው ጣሉት። ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ልጅቱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠጪው?» እያሉ ጮኹ። እህቴን እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም፣ እኔም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አማቻችን ከባልዲው ቀድተው ወደ ቤተ ሙከራው ሮጡ። የእህታችን የቀድሞ ባልደረባ በማግስቱ ደውለው «ከባልዲው የወጣውና ከጉድጓዱ የተቀዳው ልዩነት የላቸውም» አሉን። ማጣሪያው ጠግቦ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን መመርመሪያዋም አትነግረንም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቱ የምትጠጣው ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቧንቧ የሚመጣ ውሃ ነው። ሐኪሟ ደሟን ወስዶ ልኮላታል። ፅንሱ ይንቀሳቀሳል፣ ይራገጣል፤ እናቱ በተራገጠ ቁጥር ታለቅሳለች። እርሳስ በእናት ደም አልፎ ልጅ ጋ እንደሚደርስ የእህቴ ልጅ ከማንም የበለጠ ታውቃለች፣ በዚህ ወሬ ነው ያደገችው።

እህታችን በዚያው ቀን ባለቤታቸውን «ሂድና ለሁሉም ንገር» ብለው ላኳቸው። አማቻችን በየበሩ ቆመው ነገሩ። ግማሹ ደነገጠ። ግማሹ «ውሃው እኮ እንዲህ ጥርት ያለ ነው» አለ፤ ጭራሽ «ሚስትዎ ሲሻላቸው መጥተው ይቀይሩልናል» ያለም አለ። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ስለተቀመጠ ራሱን ያውቃል። አማቻችን ተመልሰው በርሜሉን ጣዱ። የመጀመሪያው ነደደባቸውና ነጣ፤ እህታችን አልጋ ላይ ሆነው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው አልከሰለም፣ ገማ። ሦስተኛውን በሳህን ይዘው ሲገቡ እህታችን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። «ይኼ ነው። ቶሎ በሉ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበር። ጆንያ ይዞ የመጣ ሰው ሳያዩ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አዲሱ ከሰል ተወቅጦና ታጥቦ በግቢያችን ቆሟል፤ ለሁሉም ቤት ይበቃል። ለቅሶ ልትደርሱን ስትመጡ እባካችሁ ብርቱካን አታምጡብን። ከባልዲያችሁ ያለውን አሮጌ ከሰል ሳትበትኑ፣ ድስትም ሳትፈትጉበት በጆንያ ይዛችሁ ኑ፤ አዲሱን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ድረስ ያንን ውሃ ለልጅ አትስጡ፣ ለእርጉዝ አትስጡ፣ ደግሞም አታፍሉት፤ ማፍላት ያባብሰዋል። ስንት ቤት እርጉዝ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ በዚህ ወር የሚወለድ የልጅ ልጃቸውንም ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መልካም ውሃ ባለበት ስፍራ ያሳርፍልን። እንዲህ ባለ ጽሑፍ መጨረሻ ለቤተሰቡ መጽናናትን መለመን ወግ ነው። እኔ ግን አልለምንም፤ ነገ ከሰዓት የልጃችን ውጤት እስኪመጣ መጽናናት አልችልም። እህቴ ዕድሜ ልካቸውን ስለ እያንዳንዳችን ፈሩልን፣ እኛም እርሳቸው ስለሚፈሩ ብለን ተኝተን አደርን። ከዛሬ ጀምሮ የሚፈራልን ሰው የለም። ፈጣሪ የእርሳቸውን ፍርሃት በልባችን ያሳድርብን፤ አሜን በሉ፣ ብላችሁም ተነሱና ወደ ባልዲያችሁ ሂዱ።